ለእማዬ፣ ስለ በጎቹ መኖ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውራ፣ “ለአያቴ ንገሪልኝ” ብላኛለች።

የምጽፍልሽ ግን ስለ በጎቹ ነው። እህቴ ስትደውል የቦንጋዋን በግና ግልገሏን እንዳስቀመጣቸው፣ በጠጣቸው ላይም ኑግ እንዳለ እንደሚታይ ነገረችኝ። ኑጉን እንደ ወረደ ነው የሰጠሻቸው፣ አይደል?

በግ ሲበላ ብዙ አያላምጥም። ውጦ ጨጓራው ውስጥ ያጠራቅምና ኋላ ተኝቶ ያመሰኳል። ረጅሙ ሣር ተመልሶ አፉ ውስጥ ይታኘካል፤ እንደ ኑግ ያለ ደቃቅ ፍሬ ግን ሳይታኘክ የቀረው ወደ ታች ይሰምጥና በሽንፍላው በኩል ሾልኮ ያልፋል። ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ በጨጓራው የሚኖሩት ተሕዋስያን አይገቡበትም። አንዱን በጠጥ በእንጨት ፈርክሺው፤ ጥቁሩ ፍሬ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ብርሽ ሜዳ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው።

“እንግዲያው ልውቀጠው” ብለሽ ደግሞ አታብዢው። ሲወቀጥ ዘይቱ ባንዴ ይለቀቃል። ለበጓ ሣሩን የሚፈጩላት እነዚያ ተሕዋስያን ናቸው፤ ዘይቱ ሣሩን ይለብሰዋል፣ እነሱንም ይጎዳቸዋል። ሣሩ ሳይፈጭ ይከማቻል፣ በጓ ማመስኳት ትተዋለች፣ ከዚያ ያስቀምጣታል። ልኩን ካልዘለልሽ ግን ተሕዋስያኑ ዘይቱን ራሱ ይለውጡታል። የኑግ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ አይረጋም፤ ኑግ የበላ በግ ሞራ ግን ድስት ላይ እንደ ሻማ ይደርቃል። ያ የእነሱ ሥራ ነው።

ልኩ ይኸውልሽ። 25 ኪሎ የምትመዝን በግ በቀን ወደ 800 ግራም ደረቅ መኖ ትበላለች። ከዚያ ውስጥ ቅባቱ ከ5 በመቶ፣ ማለትም ከ40 ግራም ባያልፍ ይሻላል። ግማሽ ያህሉን ሣሩ ራሱ ይዟል። ስለዚህ የተወቀጠ ኑግ ከሆነ 50 ግራም ይበቃታል። እኔ ግን ኑጉን ለጾም ወጥሽ አስቀምጪና ፋጉሎ ግዢ እላለሁ፤ አብዛኛው ዘይቱ ተጨምቆ የወጣለት የኑግ ተረፍ ነው፣ ገንቢው ግን እዚያው አለ። ከሂርማታ ገበያ ስትገዢ ሽተቺው፤ የሻገተ ወይም የቆመጠጠ ከሆነ አትውሰጂ። ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው፤ በጅማ ዝናብ ደግሞ መሬት ላይ የተቀመጠ ፋጉሎ ቶሎ ይሻግታል፤ እንጨት ላይ ይሁን።

ፋጉሎውን በ50 ግራም ጀምሪ፣ በየሦስት ቀኑ 50 እየጨመርሽ ለአንዷ በቀን 200 ላይ አቁሚ፤ ያንንም ጠዋትና ማታ ከፍለሽ፣ ሁልጊዜ ሣር ከቀመሱ በኋላ። ተልባ የምትሰጪያቸው ከሆነም በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈሽ አታሳድሪ፤ መርዝ ያወጣል። ሁለት ወር ላልሞላው ግልገል ጡቱ ይበቃዋል፤ ጨጓራው ገና አልጠነከረም። አሁን ግን እስኪሻላቸው ለእናትየዋ ሣርና ውሃ ብቻ ስጪ፤ ግልገሉም ጡቱን ይጥባ። የግራ ጎኗ ከተነፋ ወይም ቀኑን ሙሉ ካላመሰኳች ግን የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይጠራ።

እህቴ ሌላም ነገር ነግራኛለች። ጠዋት ሰጥተሻቸው ረፋዱ ላይ ደግመሽ ገበቴውን ሞላሽ አሉ። ስትነግርሽም “ዛሬ መቼ በሉ?” ብለሻታል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው እንዳልሆነም ሰምቻለሁ።

አልቆጣሽም እማዬ። በየማታው እህቴ ፋጉሎውን ለክታ በሁለት ጣሳ ታስቀምጥልሽ፤ የጠዋቱ ቀዩ፣ የማታው ሰማያዊው። ጣሳው ባዶ ከሆነ በልተዋል፤ ሌላ አትፈልጊ። መነጽርሽንም እዚያው ስቀዪው።

ግን ለምን ከእህቴ እሰማለሁ? የአባባ ጊዜም “እንዳትጨነቂ ብለን ነው” አላችሁኝ። ከቀብሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው የደረስኩት፤ ያኔ ደግሞ አያወራም ነበር። ያንን እስከ ዛሬ አልተውኩትም፤ ዳቦ ቆርሰን፣ ቡና ጠጥተን ስናወራ እንኳ አልወጣልኝም። ስላሳደግሽኝ፣ ስላስተማርሽኝ አመሰግንሻለሁ፤ ይህን ግን አትድገሚብኝ።

የሚመጣው ሳምንት ጅማ እገባለሁ፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ማታ ማታ ስደውል ስለ ጣሳዎቹ እጠይቅሻለሁ። የትኛው ባዶ እንደሆነ ካላስታወስሽ፣ አላስታወስኩም በዪኝ።

ልጅሽ