14 ሳጥን እንፈልጋለን፣ ጫጩቶቻችን የጥቅምትን ውርጭ እንዲሻገሩ

ሰላም ናችሁ የመንዝ ልጆች፣ የመንዝ ወዳጆችም። ይህን የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ወጣ ካለ ሰፈር ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ጸሐፊ ያደረጉኝ ደብተር ስለምይዝ እንጂ ሌላ ችሎታ ኖሮኝ አይደለም። ዛሬ የምለምነው ስለ ዶሮ ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኛ ያለንበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር አካባቢ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ፣ በባልዲ ያደረው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮበት ታገኙታላችሁ። ትልልቆቹ ዶሮዎች ይህን ይችሉታል። ላባቸውን ነፋ አድርገው፣ ቆጥ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ማታ ሆዳቸው ገብስ ከጠገበማ ምንም አይሉም። የማይችለው ጫጩት ነው። የተፈለፈለ ጫጩት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ግድም እየቀነሱለት፣ ላባ እስኪያበቅል ድረስ ማቆየት ነው። በእኛ ሰፈር 35 ዲግሪ የት አለ? እኔ አይቼው አላውቅም።

አምና የሆነውን ልንገራችሁ። የዕድሩ ሰዎች ብር አዋጣንና 60 የአንድ ቀን ጫጩት ገዛን። ቀያዮች፣ "የተሻሻለ ዝርያ" የሚባሉት። አንድ ክፍል አጸዳን፣ ትልቅ አምፖል ሰቀልን፣ ገለባ ጎዘጎዝን። ሁለት ቀን ደኅና ነበሩ። በሦስተኛው ማታ መብራት ሄደ። ይመጣል፣ ይመጣል እያልን እንቅልፍ ጣለን። ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍቼ ባትሪ አበራሁ። ሁሉም አንድ ጥግ ተከምረዋል። ከላይ ያሉትን ሳነሳ ከታች ያሉት ተዳምጠው ጠፍጣፋ ሆነዋል። ብርዱ ብቻ አልነበረም የገደላቸው፣ ሙቀት ፍለጋ አንዱ አንዱ ላይ ሲወጣ ነው የታፈኑት። ከ60ው 11 ነበር የሚንቀሳቀሰው።

እነዚያን 11 አንዲት ጎረቤታችን፣ እኛ ሁላችን እትዬ የምንላቸው እናት፣ "ወዲህ በላቸው" ብለው ወሰዷቸው። እንቅብ ውስጥ የገብስ ገለባ ሞሉ፣ መሐሉን በእጃቸው ጎድጎድ አድርገው ጎጆ አስመሰሉት፣ ጫጩቶቹን አስገብተው ከላይ አሮጌ ባና ጣል አደረጉበት። ከጎኑ አንድ ጠርሙስ የፈላ ውኃ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡ። አምፖል የለ፣ ላምባ የለ። 8ቱ ተረፉ። ሁለቱ ዛሬ እንቁላል እየጣሉ ነው።

በኋላ ሳጣራ የእትዬ እንቅብ አዲስ ነገር አይደለም። ባለሙያዎች "ሃይ ቦክስ" ይሉታል፤ የሣር ሳጥን ማለት ነው፣ በአገራችንም በግብርና ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የእንጨት ሳጥን ይሠራል፣ በውስጡ በሽቦ ክብ ክፍል ይወጣለታል፣ በሽቦውና በእንጨቱ መካከል ያለው ቦታ በደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይጠቀጠቃል። ክብ የሚሆነው ጫጩት የሚከመርበት ጥግ እንዳያገኝ ነው። ክዳኑ ገለባ የተሞላ ጆንያ ነው፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይተውለታል። ጫጩቶቹ በራሳቸው ገላ ሙቀት ነው የሚሞቁት፣ ሳጥኑ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዛል። ከፊት ለፊት በወንፊት ሽቦ የተሠራ መዋያ ይቀጠላል፣ ቀን ፀሐይ ሲወጣ እዚያ ወጥተው ይጭራሉ፣ ጭልፊትም አይነካቸውም። አንዱ ሳጥን 50 ግድም ጫጩት ይይዛል።

ለእኛ ብርድ ግን ሳጥኑ ብቻውን አይበቃም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 10 ሌሊቶች። ስለዚህ የእትዬን ጠርሙስ አሳድገነዋል፦ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውኃ በባና ተጠቅልሎ መሐል ላይ ይቀመጣል። በከሰል ማሞቅ የሚያስብ ካለ እንዳይሞክረው፣ በተዘጋ ቤት ጭሱ ዶሮንም ሰውንም ይገድላል። ገለባውን ከየቤታችን እናመጣለን፣ ገብስ የማያመርት የለም። የጓሳ ሣር ይሻል ነበር፣ ግን ሣሩ ያለበት የጓሳ መሬት የሕዝቡ የጋራ ነው፣ የሚታጨደውም ሕዝቡ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ለዶሮ ተብሎ የአባቶች ሕግ አይፈርስም።

አንድ ነገር እኔም ተሳስቼ የተማርኩት አለ። አምና ከጫጩቶቹ በፊት የእናት ዶሮዎቹን ቤት ለብርዱ ብዬ በላስቲክ ጥርቅም አድርጌ ደፍኜው ነበር። በሳምንቱ የሁሉም ዓይን እንባ ያነባል፣ ያነጥሳሉ። በሩን ስከፍተው የኩሱ ሽታ እኔንም አስለቀሰኝ። ዶሮ የሚጎዳው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን እርጥበቱና በቀጥታ የሚነፍስበት ንፋስ ነው። አሁን ከላይ ጣሪያው ሥር ክፍተት አለ፣ ቆጡ ከክፍተቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉዝጓዙም ደረቅ ነው። እንባው ቆመ።

ወደ እርባታው ልምጣ። ዘንድሮ ጫጩት ከውጭ አንገዛም። በቅን ልብ "200 የተሻሻለ ጫጩት ልላክላችሁ" ያላችሁኝ አላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን እባካችሁ አትላኩ። ቤቱ ሳይሠራ እንግዳ መጥራት ነው። የራሳችን ዶሮዎች አሉ። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ታቅፋ 21 ቀን ያለ መብራት ትፈለፍላለች፤ ይህን የሚያክል ማሽን አላየሁም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ጫጩቶቿን እየመራች ሁለትና ሦስት ወር ትቆያለች፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም፣ ከጫጩቶቹም ግማሹን ብርዱና ጭልፊቱ ይወስደዋል። ጫጩቶቹን ሳጥኑ ከተረከባት ግን ቶሎ ወደ መጣሉ ትመለሳለች። ስለዚህ ሳጥኑ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ለመታቀፍ ቁጭ ያሉ አራት አምስት ዶሮዎችን በአንድ ቀን ማሳቀፍ፣ ለእያንዳንዳቸው 12 እንቁላል። በአንድ ቀን ስለሚፈለፈሉ ሳጥኑ እኩያ በሆኑ ጫጩቶች ይሞላል። እንቁላሉ ከመታቀፉ በፊት ከሳምንት በላይ መቆየት የለበትም፣ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ፣ ከ13 እስከ 18 ዲግሪ በሆነ ቦታ። እዚህ ላይ የመንዝ ብርድ ለአንዴም ቢሆን ጠቀመን! የድንጋይ ቤቶቻችን ጓዳ ያለ ፍሪጅ ለዚህ ልክ ነው፣ ውርጭ እንዳይነካው ብቻ መጠበቅ።

አውራውንም እንመርጣለን። ገበያ ላይ ድርብ አውራ ዋጋው ከነጠላው እንደሚበልጥ የበዓል ዶሮ የገዛ ሁሉ ያውቃል። ለብርድ አገርም የሚሻለው እሱ ነው፤ ነጠላው አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ረጅምና የተጋለጠ ስለሆነ ውርጭ ጫፉን ይበላዋል፣ የድርቡ ግን አናቱ ላይ ልጥፍ ያለ ነው። 10 ድርብ አውራ ገዝተን በየሰፈሩ እናከፋፍላለን፣ በዓመቱ እናለዋውጣቸዋለን፣ አባት ከገዛ ልጁ ጋር እንዳይዳቀል።

ስለ ፈንግል ካልጻፍኩ ሁሉም ከንቱ ነው። ፈንግል የገባበት ሰፈር በሳምንት ውስጥ ዶሮ ላይቀር ይችላል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተጣመመ አንገት፣ ከዚያ ማለቅ ነው። ፌጦም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ አረቄም አጠጥተን አይተናል፣ መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። የሚያስቸግረው አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ገዝታ ምን ታደርገዋለች? ለዚህ ነው በዕድር የሆነው። 42 አባወራና እማወራ በአንድ ጠዋት ዶሮውን ይዞ ይወጣል፣ ዓይኑ ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል፣ ያልቃል።

አሁን ወደ ብሩ። አንድ ሳጥን ከነመዋያው፣ ከነሽቦውና ከነሚስማሩ፣ 4 ሺህ 500 ብር ይፈጅብናል። የእጅ ዋጋ የለበትም፣ የሰፈሩ ልጆች ናቸው የሚሠሩት። ሦስት ቤት በአንድ ሳጥን ይጠቀማል፣ ስለዚህ 14 ሳጥን፣ 63 ሺህ ብር። የአውራዎቹ 12 ሺህና የክትባቱ 9 ሺህ ብር ከእናንተ አይጠየቅም፤ እያንዳንዱ ቤት 500 ብር አዋጥቶ 21 ሺውን ሞልተናል። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ጥቂቶቹ 500ውን በሦስት ጊዜ ነው የከፈሉት፣ ይህን የምላችሁ እንድታዝኑ ሳይሆን ቀልድ አለመሆኑን እንድታውቁት ነው።

አንድ ሳጥን ሙሉውን የሚችል ይቻል፣ ያልቻለ ለአሥር ሆኖ 450 ብር። የሰጪውን ስም ክዳኑ ላይ በቀለም እንጽፋለን፣ ስሜ አይጻፍ ያለ "የእግዜር እንግዳ" ተብሎ ይጻፍለታል። ብር ለማይመቸው ደግሞ የወንፊት ሽቦ፣ ቴርሞሜትር፣ አሮጌ ባና፣ ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን እንቀበላለን፤ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ላላችሁ በመኪና የሚያመጣ ሰው አለን። ብሩ የሚገባው በዕድሩ ሒሳብ ነው፣ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ አላስቀምጥም፣ አጭበርባሪው በዝቷል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሴ እልክላችኋለሁ። የእያንዳንዱን ሳጥን ፎቶና ደረሰኝ እለጥፋለሁ። ስንት ጫጩት እንደሞተም እጽፋለሁ፣ የሞተውን አልደብቅም።

14ቱም በአንዴ ባይደርሱ ግድ የለም፣ አምስቱ ግን መቅደም አለባቸው። እንቁላል መሰብሰብ የምንጀምረው መስከረም 11 ነው። ዶሮዎቹ የሚታቀፉት በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18። ጥቅምት 9 ይፈለፈላሉ፣ ልክ ውርጩ ሲጀምር። ከእነዚህ ውስጥ ወንዶቹ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ። እትዬ ከአሁኑ ሁለት ዶሮ ቁጭ ብላብኛለች እያሉ ነው፣ "ሳጥኑ የታል?" ብለው ትናንትም በር ድረስ መጥተው ጠየቁኝ።