«ኦል ኢን» አሁንም ይወራለት

ለአዘጋጁ፣

ስለ ሬስሊንግ ሲነሳ ሁሉም ትልቁ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ ላይ ብቻ ሙጭጭ ማለቱ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1 ቀን 2018 ቺካጎ አጠገብ ሆፍማን ኢስቴትስ የተካሄደው «ኦል ኢን» የተባለ የሬስሊንግ ዝግጅት እንዴት ይረሳል? ኮዲ ሮድስና «ያንግ በክስ» የሚባሉት ወንድማማቾች ሪንግ ኦፍ ኦነር ከሚባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ ከጃፓን፣ ከሜክሲኮ ተፋላሚ ሰብስበው፣ በየድርጅቱ ተለያይተው የምናያቸውን ሰዎች አንድ ሪንግ ላይ አገናኙልን። ከዚያ በፊት ትንንሾቹ ድርጅቶች አሜሪካ ውስጥ 10 ሺህ ተመልካች አይሰበስቡም ይባል ነበር። ትኬቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አለቀ፣ አዳራሹም ከ11 ሺህ በላይ ሰው ያዘ!

አንዳንዱ ደጋፊ ዝግጅቱ ተንዛዛ ይላል። እውነት አለው። ኦካዳና ማርቲ ስከርል የሚባሉት ተፋላሚዎች ከ20 ደቂቃ በላይ ስለተፋለሙ (ፍልሚያው ግሩም ነበር፣ አልክድም) የመጨረሻዎቹ ስድስት ተፋላሚዎች ጊዜ አለቀባቸው። ሬይ ሚስቴሪዮ፣ ፌኒክስና ባንዲዶ ከኮታ ኢቡሺና ከያንግ በክስ ጋር ሲገናኙ እንደዚያ ተጣድፎ ማለቅ አልነበረበትም። አንድ ሁለት ፍልሚያ ቀድመው ቢቀንሱ ምን ነበረበት?

ግን በዚህ ብቻ «አልተሳካም» የሚሉትን አልሰማም። ኮዲ፣ ኒክ አልዲስን አሸንፎ አባቱ ደስቲ ሮድስ ይዞት የነበረውን ኤን ደብሊው ኤ የተባለውን ድርጅት የሻምፒዮንነት ቀበቶ ሲወስድ የነበረውን ጩኸት የሰማ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። እባካችሁ ስለነዚህ ትንንሽ ድርጅቶችም ጻፉልን።

አንድ የሬስሊንግ አፍቃሪ