ደብዳቤ ለልጄ፦ ባትበዪም ኢንሱሊኑን አታቋርጪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

«ለጤናሽ እንደምን ነሽ» እንዳልል መልሱን የዶርም ጓደኛሽ ደውላ ነግራኛለች። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልስሽ ከረመ፤ አንቺ ደግሞ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እያለብሽ «እህል ካልቀመስኩ ኢንሱሊን ምን ያደርግልኛል» ብለሽ ብልቃጡን አስቀመጥሽው። ለምን ነገርሽብኝ ብለሽ ልጅቷን እንዳትቀየሚያት፤ ደግ አደረገች። ዛሬ ጠዋት ስኳርሽ 160 መሆኑን ባትነግሪኝ ኖሮ ይህን በመጻፍ ፈንታ የባቲን መንገድ ይዤ ሠመራ እገባ ነበር።

ባትበዪም ኢንሱሊኑን አታቋርጪ። ከዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋብሽ ይህ አይጥፋብሽ።

ሰው ባይበላም ደሙ ከስኳር አይጸዳም። ጉበት ጎተራ ነው፤ ከበላሽው ያስቀመጠውን ሌሊት ተኝተሽ ሳለ እንኳ ለአንጎልሽ እንዲበቃ ቀስ እያለ ይለቃል። ያስቀመጠው ሲያልቅ ከጡንቻ በሚመጣ ፕሮቲን አዲስ ስኳር ይሠራል። በጤነኛ ሰው ይህን ሥራ ልክ የሚያስይዘው ቆሽት ነው፤ ግሉካጎን የተባለው ሆርሞኑ ጉበትን «ልቀቅ» ይለዋል፣ ኢንሱሊን ደግሞ «በቃ» ይለዋል። ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይቀምስ አድሮ ስኳሩ ከ70 እስከ 100 ባለው ውስጥ የሚገኘው በዚህ ነው። ያንቺ ቆሽት «በቃ» ማለት ትቷል፤ እሱን የሚልልሽ መርፌው ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌውን ስትተዪ ጉበትሽ ከልካይ የለውም፣ በላሽም አልበላሽም።

ሕመም ሲጨመርበት ይብሳል። ትኩሳትም ሆነ ኢንፌክሽን ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ እነዚህ ጉበትን ያጣድፋሉ፣ የኢንሱሊንንም ጉልበት ይቀንሳሉ። በታመምሽ ቀን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልግሽ ኢንሱሊን ይጨምራል።

ስኳሩ 180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ሁሉንም መልሶ መምጠጥ ያቅተውና በሽንት ይለቀዋል። ስኳር ደግሞ ሲወጣ ውኃ ይስባል፤ ሶዲየምና ፖታስየምም አብረው ይሄዳሉ። በሠመራ ሙቀት ላብ ሲታከልበት በሰዓታት ውስጥ ትደርቂያለሽ። በሌላ በኩል ሴሎችሽ ስኳሩን መጠቀም ስላልቻሉ ስብ ይቀልጣል፣ ጉበትም ስቡን ኬቶን ያደርገዋል። ኬቶን አሲድ ነው። የደም ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ (ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው)፣ ከ7.35 እስከ 7.45 ከሆነው ጠባብ ክልል ሲወርድ በመጀመሪያ በደም ውስጥ ያለው አሲድ አርጋቢ ባይካርቦኔት ይመክተዋል፤ እሱ ሲያንስ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዛት በማስወጣት አሲዱን ሊያቃልል ይሞክራል። ያን ቀን ጓደኛሽ «በጥልቀት፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች» ስትለኝ ወገቤን የቆረጠኝ ለዚህ ነው። ሳንባሽ አልታመመም፤ ሌላው አካልሽ ያበላሸውን ለማስተካከል እየለፋ ነበር።

ትንፋሹ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል። እኛ አገር ይህን ያየ ሁሉ «ጨጓራ ነው»፣ «ወባ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው» ይላል። የትኛውም ጤና ጣቢያ ስትገቢ ስምሽን ከመናገርሽ በፊት «ዓይነት 1 ስኳር አለብኝ፣ ስኳርና ኬቶን ለኩልኝ» በዪ።

የቶሮንቶውን ልጅ ታሪክ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ ዛሬም ስሚኝ። ከኢንሱሊን በፊት የነበረው ሕክምና ማስራብ ነበር። ሐኪሞች የስኳር ሕመምተኛ ሕፃናትን ምግብ እየነፈጉ ጥቂት ወራት ያቆዩአቸው ነበር፤ ልጆቹ ግን ቆዳና አጥንት ሆነው ኬቶን ይወስዳቸዋል። ሌናርድ ቶምፕሰን 14 ዓመቱ ነበር፤ ክብደቱ 30 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በ1922 እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች ከከብት ቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ ተወጋ። ስኳሩ ጥቂት ብቻ ቀነሰ፣ የተወጋበት ቦታ አበጠ፣ ተቋረጠ። ኮሊፕ የተባለው የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ፈሳሹን እስኪያጠራው 12 ቀን አለፈ። እነዚያን ቀናት ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይላወሳል። ጥር 23 እንደገና ሲጀመርለት በአንድ ቀን ውስጥ ስኳሩ ከ520 ወደ 120 ወረደ፣ ኬቶኑም ከሽንቱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ልጄ፣ ጾሙን የዋሉ ሁሉ ሲያልቁ እሱን ያተረፈው ያ ፈሳሽ ነው። አንቺ መደርደሪያሽ ላይ አስቀምጠሽው ራስሽን በረሃብ ታክሚያለሽ?

አሁን ወረቀት አምጪና ጻፊ። ስትታመሚ ስኳርሽን በየአራት ሰዓቱ ለኪ፣ ሌሊትም ቢሆን። ከ250 በላይ ከሆነ ሽንትሽን በኬቶን ስትሪፕ እዪ። በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጪ፤ ስኳርሽ ዝቅ ካለና ምግብ ካልወረደልሽ ስኳር የገባበት ሻይ ይሁን። ጥርት ያለውን፣ ለምግብ የሚወሰደውን ፈጣኑን ኢንሱሊን፣ ምግብ ከሌለ፣ ሐኪምሽን ጠይቀሽ ልትቀንሺው ትችያለሽ። ደመናማውን፣ ቀስ እያለ ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ግን መጠኑን ሐኪምሽ ያስተካክለው ይሆናል እንጂ አንቺ አታቋርጪውም። ኬቶኑ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ካሳየ፣ የጠጣሽው ካልረጋልሽ፣ ትንፋሽሽ ከተለወጠ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል። በብዙ መርፌ ራሴ አወርደዋለሁ እንዳትዪ፤ ኢንሱሊን ፖታስየምን ከደም ወደ ሴል ስለሚያስገባ፣ በሽንት አልቆ ሳለ ያለ ክትትል ከወረደ የልብ ምት ይዛባል። እዚያ ሳላይኑንም ፖታስየሙንም እየለኩ ይሰጡሻል።

ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ። ዳቦ አታስቀድሚ፤ ይዘገያል። ካስመለሰሽ ግን ቤት አትቆዪ።

የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። የጾም ምግቡ ሽሮም ምስርም አይጎዳሽም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መዋሉ ነው ላንቺ የማይሆነው። ጸበልም ጠጪ፣ ማንም ግን «መርፌውን ተዪው» ቢልሽ፣ የፈለገው ሰው ይሁን፣ አታቋርጪ።

ሙቀቱ ብልቃጡን ያበላሽብሻል ብዬ እፈራለሁ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጥ፤ ማቀዝቀዣው ጥግ ላይ አይነካካ፣ አንዴ በረዶ ከሆነ ይጣላል። የተከፈተውን በፕላስቲክ ጠቅልለሽ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጊ፤ ማሰሮውን በትልቁ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠሽ በመካከላቸው አሸዋ ሙዪና ጠዋት ማታ ውኃ አጠጪው፤ ጥላ ላይ ይሁን። የሠመራ አየር ደረቅ ስለሆነ በደንብ ያቀዘቅዛል። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊ፣ ከ28 ቀን በኋላ አትጠቀሚበት። ደመናማውን በመዳፍሽ መካከል አሽከርክሪው እንጂ አትናጪው፤ ከተንከባለለም በኋላ ጓል ካለው ጣይው። ሁለቱን ስትቀላቅዪ ጥርት ያለው ይቅደም። ሲሪንጁ ላይ 100 የሚል (በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ማለት ነው) ካልተጻፈ አትግዢ፤ በ40ው ሲሪንጅ የ100ውን ኢንሱሊን ከቀዳሽ ሁለት እጥፍ ተኩል ይገባብሻል። እምብርትሽ አጠገብ ያለው ቦታ ጠጥሮ እንደሆነ በጣትሽ ዳስሺው፤ ከጠጠረ ኢንሱሊኑን በአግባቡ አይመጥም፣ ጭንሽ ላይ ተወጊ።

ሁለት ብልቃጥ፣ የኬቶን ስትሪፕና በሶ ሐሙስ በሚመጣው አውቶቡስ እልካለሁ። ብልቃጦቹ ቀዝቃዛ ውኃ ከነበረበት ፔርሙዝ ውስጥ ናቸው፤ መናኸሪያ ቀድመሽ ድረሺ፣ ፀሐይ ላይ እንዳይቆይ። ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ለክተሽ ላኪልኝ። «ደህና ነኝ እማ» የሚለውን ሳይሆን ቁጥሩን።

እናትሽ፣ ከደሴ