«አንድ ሽማግሌ ተዋናይ» ስም አለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ «አና ክሪስቲ» ያወጣችሁትን አነበብኩት። የ1930ው ፊልም የድምፅ አልባ ፊልሞች ኮከብ የነበረችው የግሬታ ጋርቦ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማበት መሆኑን፣ «ጋርቦ ተናገረች!» ተብሎ መለፈፉን፣ ውስኪ ማዘዟን ሳይቀር ነግራችሁናል። ለኮፍያዋ እንኳ አንድ ሙሉ አንቀጽ ደርሷታል። የአና አባት ሆኖ የተጫወተው ሰውስ? «አንድ ሽማግሌ ተዋናይ።» በቃ።

ሽማግሌው ጆርጅ ኤፍ. ማርየን ይባላል። ፊልሙ የተወሰደበት የአሜሪካዊው ዩጂን ኦኒል ተውኔት በ1921 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ሲታይ አባትየውን ካፒቴን ክሪስን የተጫወተው እሱ ነበር። በ1923 ድምፅ አልባው ፊልም ሲሠራ አናን የተጫወተችው ብላንች ስዊት ናት፤ አባትየው አሁንም እሱ። ጋርቦ ሦስተኛዋ ልጁ መሆኗ ነው። በመድረክ የመጀመሪያዋ አና ፖሊን ሎርድም በጽሑፋችሁ የለችም። ተውኔቱ በ1922 ፑሊትዘር መሸለሙን ማን ያነሳዋል!

ይባስ ብሎ ጸሐፊያችሁ «ፊልሙን ጋርቦ ብቻዋን ተሸክማዋለች» ይላል። እስቲ ከመጀመሪያው ይየው። እሷ በመጠጥ ቤቱ በር የምትገባው ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ማን ተሸከመው፣ ወንበሩ? ማርየንና ማሪ ድሬስለር ናቸው፣ ሁለቱም መድረክ ያሳደጋቸው። ልጁ ልትመጣ ስለሆነ ካፒቴን ክሪስ በጀልባው አብራው የምትኖረውን ሴት፣ ድሬስለር የምትጫወታትን ማርቲን፣ እንዴት ብሎ እንደሚያስወጣት ጨንቆት ሲንተባተብ፣ እሷ ቀድማ ገብቷት ስትስቅበት ልብ ብሎ ይመልከት። ጋርቦን ማሳነሴ አይደለም፤ ለኦስካርም ታጭታበታለች። ግን ያገኘችው የሞቀ ቤት ነው።

ለምን እንዲህ ተቆጣህ ትሉኝ ይሆናል። እኔም የመድረክ ሰው ነኝ። ስንት ዘመን የተጫወትኩት ገጸ ባሕርይ ለቴሌቪዥን ሲሠራ፣ አዲሱ ልጅ አረማመዴን ወሰደ፤ ራሴ የፈጠርኳትን ሳል እንኳ አልማረልኝም። ተሸለመበት፣ እሰየው። ስለ ድራማው አመጣጥ በተጻፈው ዘገባ ግን ስሜ የለም። ሄጄ ብጠይቅ «ጋሼ፣ ያ እኮ ትያትር ነው» አሉኝ። ትያትር ነው! ለካስ እኛ ስንለማመድ የኖርነው ለነሱ ኖሯል።

እርማት የምታወጡ ከሆነ ስሙን ስትጽፉ «ኤፍ»ን አትርሱ፤ ልጁ ጆርጅ ማርየን ጁኒየርም የፊልም ጸሐፊ ነበር። የዚህን ፊልም ስክሪፕት የጻፈችው ፍራንሲስ ማርየን ደግሞ ዘመዳቸው አይደለችም፤ እሷንም አልጠቀሳችኋትም።

አንድ የትያትር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ