መሶቡን ለምን ሸጥሽው?

ሚጣዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለሁሉም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስናወራ እማዬ አጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው።

ፎቶውን አየሁት። የአክስታችን ልጅ ነው በቴሌግራም የላከልኝ፤ እንዳትቆጪው። መሐል ሜዳ ገበያ ዳር፣ ከበርበሬ ሻጮቹ ጎን ተቀምጠሻል። ነጠላሽን እስከ አፍንጫሽ ጠቅልለሽዋል፤ ሰው እንዳያውቅሽ ነው መሰለኝ። ፊትሽ ሁለት ሙዳይ፣ አንድ ሰፌድና መሶቡ። መሶቡን ሳየው ስልኩን ደፋሁት። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አየሁት።

ያ እኮ የጥር ሠርግሽ መሶብ ነው! ከመስከረም እስከ ፋሲካ ስትሰፊው በስልክ አብሬሽ ነበርኩ። ወስፌው ጣትሽን የወጋሽን ቀን እንኳ አስታውሳለሁ። ለማዳበሪያ ነው አሉኝ።

እሺ፣ አራት ወር አልላኩም። ረስቻችሁ አይደለም። ደመወዜ ትንሽ ተንጓተተ፤ ሌላ ምንም የለም። በዜና የምትሰሙትም የቤሩት ነገር ከእኛ ሰፈር ራቅ ይላል። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ የማዳምን ልጆች ይዤ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ፣ ያልፋል። (ይህችን ለእማዬ አታንብቢላት።) ግን «እታለም፣ ቸግሮናል» ብትዪኝ ምን ነበረበት? ተበድሬም እልክ ነበር። በራሴ ነው የተናደድኩት፤ አንቺ ላይ አረፈ።

ደግሞ ኮርቼብሻለሁ። እስከ እኩለ ቀን ዋጋ የጠየቀሽ ሰው እንዳልነበረ የአክስታችን ልጅ ነገረኝ። እኔ ብሆን ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ነበር። አንቺ ቁጭ አልሽ። ሁለቱን ሙዳይ ለአስተማሪዋ በ800 ብር ሸጥሽ፤ ጎሽ! መሶቡን ግን ለነጋዴው በ1,800። እዚህ ላይ ተበላሽ።

እዚህ ቤሩት ቡርጅ ሃሙድ የሚባል ሰፈር አለ። እሁድ እረፍት ያገኘች ሐበሻ ወደዚያ ትወርዳለች፤ እንጀራውም በርበሬውም ይገኛል። አንድ ሱቅ ውስጥ መሶብ አየሁ። ዋጋው 120 ዶላር። እንደ እማዬ ገልብጬ አየሁት። ስፌቱ የላላ፣ ዙሩ የተንጋደደ። ካንቺው ጎን ቢቀመጥ ያፍር ነበር። ባለሱቋ «ትገዢያለሽ ወይስ ትመረምሪያለሽ?» አለችኝ።

ስለዚህ ሁለተኛ ስትወጪ ዋጋውን አንቺ ቀድመሽ ጥሪ። ነጋዴው ገበያ ሊበተን ሲል ነው የሚመጣው፣ ዕቃሽን ተሸክመሽ መመለሱ እንደሚያስጠላሽ ያውቃል። አዲስ አበባ ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች እንዲህ ያለውን ለቱሪስት በስንት እንደሚሸጡት ብታዪ! ትንንሹን ሥሪ፤ ሙዳይና ትንሽ ሌማት ሰው ለስጦታም ይገዛዋል። መሶብ ግን በትእዛዝ ብቻ፣ ቀብድ ተቀብለሽ። አያታችን «ስፌት ይሰጣል እንጂ አይሸጥም» ትል ነበር። እሷ ማዳበሪያ አልገዛችም።

200 ዶላር ልኬያለሁ። ከሁሉ በፊት ለእማዬ ዓይን ይሁን። ደብረ ብርሃን ወስደሽ አስመርምሪያት። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፤ የማዳም እናት ተገፎላት አሁን ክር በመርፌ ታስገባለች። ማታ ማታ በኩራዝ ሱፍ መፍተሏንም ታቁም። አልሄድም ካለች «ካልታከመች በስልክ አላናግራትም ብላለች» በያት። ውሸት ነው፣ ግን በያት።

እሷ ፈትላ ያሠራችልኝ ባና አሁንም አለ። እዚህ ክረምቱ እርጥበት ነው፣ እሱን ለብሼ ነው የማድረው። ማዳም «በግ በግ ይሸታል» ትላለች። ይሸታል። አንዳንድ ሌሊት አፍንጫዬን እቀብርበታለሁ። የጓሳ ውርጭ፣ በመስከረም ስንደዶ ስንመዝ እግራችን የሚርሰው፣ ጠዋት ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሲወጡ፣ የእማዬ የገብስ ቆሎ ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ… ይብቃኝ፣ ወረቀቱን አበላሸሁት።

ለሠርጉ አልደርስም። ሁለት ጊዜ ልነግርሽ ደውዬ ስለ በጎቹ ጠይቄሽ ዘጋሁት። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው፣ ውሌም ገና ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡም አልነበርኩም፣ አሁንም የለሁም። ልጁን ግን በድምፁ ወድጄዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ «እትዬ» ይለኛል። ስታገቢ ማን አጠገብሽ ቆሞ ቀሚስሽን እንደሚያስተካክልልሽ ሳስብ ግን እንቅልፍ የለኝም።

ያለ መሶብ ግን አትሄጂም። ቆጡ ላይ የኔ አለ አይደል? ከመሄዴ በፊት የጀመርኩት። ገላው አልቋል፣ ክዳኑ ግማሽ ላይ ነው። ወስፌውን እዚያው ሰክቼበት ነበር የወጣሁት። አይጥ ካልበላው አውርጂውና ጨርሺው። አረንጓዴው አለላ ካነሰሽ ባለሽ ቀለም ቀጥዪበት።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ልጅ ለአንድ ወር ነው የመጣችው። ስትመለስ በሶ ላኪልኝ፣ እማዬ የፈጨችውን።

እህትሽ