ሶማሌ ተራ ጎማ አያከራይም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። አብዛኛው እውነት ነው። ቦሎ ሲደርስ ምርመራውን ለማለፍ ጎማ የሚዋስ ሞልቷል። ፍሬቻም፣ ስፖኪዮም፣ እሳት ማጥፊያም ይዋሳሉ። ይህን ለማወቅ ጋዜጣ መግዛት አያስፈልግም። አንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ዕቃውን የሚያከራዩት የሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቆች ናቸው ትላለች። ማን ነገራችሁ? "ምንጮች"። ፎቶው ላይ ያለው የእኛ መደዳ ነው። ፎቶ ሊያነሳ ደጃችን ድረስ የመጣ ሰው ገባ ብሎ አንድ ነጋዴ መጠየቅ ምን ከበደው?

እስቲ ረጋ ብለን እናስላው። አዲስ ጎማ ቸርኬ ላይ ገብቶ አስፋልት ከነካ አበቃ። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ጠርዙ ላይ የጎሚስታው ብረት ምልክት ይቀራል። ከዚያ በኋላ በአዲስ ዋጋ የሚገዛው የለም። ታዲያ የትኛው ነጋዴ ነው ለአንድ ቀን ኪራይ ብሎ አራት ጎማ የሚያስረጀው? የሚዋሱት ጎማ ከሌላ መኪና ላይ የተፈታ ነው። የአጎት፣ የጎረቤት ወይም አብሮ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ጎማ ነው። ማታ ይፈታል፣ ጠዋት ምርመራ ይገባል፣ ከሰዓት ለባለቤቱ ይመለሳል። ሱቅ በዚህ መሃል የለበትም።

እኛ ጋ የሚሆነውን ደግሞ ሳትጠይቁኝም ልንገራችሁ። ደንበኛ ይመጣና የቪትዝ የፊት መብራት ይገዛል። ዋጋ አይከራከርም፤ ይሄ ራሱ ያስጠረጥራል። በማግስቱ ይመለስና "ወንድሜ፣ አልገጠመልኝም" ይላል። የብሎኑ ቀዳዳ ተፍቋል። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ መስታወቱ ላይ አዲስ ቦሎ ተለጥፏል። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ግድግዳ ላይ ለጌጥ የሰቀልነው መሰላችሁ? እሳት ማጥፊያ መልሶ "አልገጠመም" ያለኝም አለ። እሳት ማጥፊያ ምን ላይ ነው የሚገጥመው? ኪራይ ቢኖርማ ጥሩ ነበር፤ ቢያንስ ሳንቲም እናገኝ ነበር።

ስማችን እንዲህ ሲነሳ የመጀመሪያው አይደለም። በከተማው ስፖኪዮ በጠፋ ቁጥር የምንጠራው እኛ ነን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ "ስፖኪዮዬን ፈልግልኝ እስቲ" ያለኝ ዘመድ አለኝ። በደረሰኝ እየሸጥኩ፣ ግብር እየከፈልኩ።

ሰው ለምን እንደሚዋስ ለምን አልተጻፈም? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ይተመን ተባለና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሰማይ ነካ። አሮጌውን መኪና መለወጥም ማደስም ያልቻለ ሰው ይዋሳል። ትክክል ነው አላልኩም። ያረጀ ጎማ በክረምት ዝናብ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የተገጨውን መኪና ዕቃ ሊገዙ የሚመጡት እኔ ጋ ነው።

መርማሪውስ? የፍሬን ማሽኑ የግራና የቀኙን ጎማ አያያዝ ያወዳድራል። ጎማው የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። በጎማ ጎን ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በአራት አሃዝ ታትሟል። ያችን ቁጥር ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር መዝግቦ፣ ከወር በኋላ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ቢያመሳክራት ስንቱ ይጋለጥ ነበር! ጋዜጠኛችሁ ይህን አልጠየቀም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ፎቶው በወጣበት ገጽ ይሁን እንጂ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይሁን። ጋዜጠኛውም ይምጣ፣ ሻይ በእኔ ነው፤ ደረሰኞቼን ያገላብጥ። ጎማ የሚያከራይ ሱቅ ካገኘ ደግሞ አድራሻውን ይስጠኝ። የእኔም መኪና ቦሎዋ ደርሷል።

አንድ የሶማሌ ተራ መለዋወጫ ነጋዴ
አዲስ አበባ