ኮሜንት ቆጥራችሁ «ሕዝቡ» አትበሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎች ቁጣቸውን ገለጹ» የሚል ዜና አበዛችሁ። ቁጣው የማን እንደሆነ ማን አጣርቶ ነው? ላይክ እኮ በገንዘብ ይገዛል። አንድ ሰው አሥር አካውንት ከፍቶ ራሱ ለራሱ ያጨበጭባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ስለ ኢንተርኔት ደንብ የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ከ22 ሚሊዮን በላይ መልእክት ጎረፈለት። በኋላ የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ሲመረምረው ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው የውሸት ነበር፤ 7.7 ሚሊዮኑን የላከው አንድ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የውሸቱ ድምፅ እውነተኛውን ሰው ይዞት መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከ100 ሺህ በላይ ኮሜንቶች ወስደው ለአንዳንዶቹ ገና እንደተጻፉ በዘፈቀደ አንድ የድጋፍ ድምፅ ሰጡ። አንድ ብቻ! ቀጥሎ ያየው ሰው የመደገፍ ዕድሉ በ32 በመቶ ጨመረ፣ የኮሜንቶቹ የመጨረሻ ውጤትም በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ አለ። ለሌሎች ኮሜንቶች በዘፈቀደ የሰጡትን የተቃውሞ ድምፅ አንባቢዎች አስተካክለውታል፤ ድጋፉን ግን አላስተካከሉትም።

እስቲ አንድ ጽሑፍ ከጠዋት እስከ ማታ ተከታተሉ። መጀመሪያ ሰው ረጋ ብሎ «ማስረጃው የታለ?» እያለ ይጠይቃል። ከዚያ አንድ ስድብ ያዘለ ኮሜንት በደቂቃዎች ውስጥ ላይክ ይዘንብለትና አናት ላይ ይወጣል። ሥሩ የተደረደሩት መልሶች ተመሳሳይ ናቸው፣ የፊደል ግድፈታቸው ሳይቀር። ማታ ላይ ጠያቂው ስድቡ ሲበዛበት ኮሜንቱን አጥፍቶ ወጥቷል። አዲስ የገባው ደግሞ «ለካ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስበው» ብሎ አብሮ ይሳደባል። ይሄኛው እውነተኛ ሰው ነው፣ ንዴቱም የምሩን ነው። እናንተ የምትደርሱት እዚህ ላይ ነው፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ «ሕዝቡ ተቆጣ» ትላላችሁ።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት አካውንቶቹ መቼ እንደተከፈቱ እዩ። ኮሜንቶቹ በአንድ ጊዜ ነው የጎረፉት ወይስ ቀስ በቀስ? ቃላቸውስ ይመሳሰላል? ይሄን ማጣራት ካልቻላችሁ ቁጥሩን ተዉትና ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች ስልክ ደውላችሁ አነጋግሩ። እስካሁን በላይክ ብዛት ብቻ የሠራችኋቸውን ዜናዎችም መለስ ብላችሁ ፈትሹ፣ የተሳሳተ ካለ እርማቱን ዜናው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ